ከመምህርነት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት
(የአቡበከር ታፋዋ ባሌዋ የሕይወት ታሪክ)

ተማሪዎች፣ የአፍሪካን ካርታ ከፊታችሁ ዘርጉና ዐይናችሁን ወደ ምዕራብ መልሱ። ኒጀርና ቤኑዌ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ወንዞች ከግራና ከቀኝ መጥተው እንደ ባላ እንጨት ከተጋጠሙ በኋላ፣ አንድ ሆነው ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ የሚወርዱበትን ሰፊ አገር ታገኛላችሁ። ይህ አገር ናይጄሪያ ነው። በውስጡ ከ250 በላይ ነገዶች ይኖራሉ። በሰሜን ሐውሳና ፉላኒ፣ በደቡብ ምዕራብ ዮሩባ፣ በደቡብ ምሥራቅ ኢግቦ በቁጥር የሚልቁት ናቸው። በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በልማድ የተለያዩትን እነዚህን ሕዝቦች እንግሊዞች ለአስተዳደር እንዲመቻቸው በ1914 በአንድ ቅኝ ግዛት ሥር አዋሐዷቸው። በውሕደቱ ላይ የሕዝቡ ፈቃድ አልተጠየቀም።

ይህ አገር ነፃነቱን ሲቀዳጅ በመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ሰው አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ይባላሉ። ከእሳቸው በኋላ በናይጄሪያ በዚህ ማዕርግ የተጠራ መሪ ስለሌለ፣ የመጨረሻውም እሳቸው ናቸው። ከዚህ በታች የቀረበውን የሕይወት ታሪካቸውን ስታነቡ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙ፤ የአንድ መሪ የግል ቅንነት አገርን ለማዳን ብቻውን ይበቃልን? በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተመለከተ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውንም አስታውሱ።

አቡበከር የተወለዱት በ1912 መጨረሻ ላይ በሰሜን ናይጄሪያ፣ በባውቺ ግዛት፣ ታፋዋ ባሌዋ በምትባል መንደር ነው። የመንደሪቱ ስም በፉላኒ ቋንቋ ጥቁር ዐለት ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። በሰሜን ናይጄሪያ ሰው በትውልድ ቦታው ስም መጠራቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ዓለም በኋላ ያወቃቸው በዚህች መንደር ስም ነው። አባታቸው በአካባቢው ገዥ ቤት ያገለግሉ ነበር። ወገናቸውም ጌሬ ከሚባል አነስተኛ ነገድ ነበር እንጂ ከገዥዎቹ ከፉላኒ መሳፍንት አልነበረም። ይህን ነገር ልብ በሉት። በዚያ ዘመን በሰሜን ናይጄሪያ ኤሚር የሚባሉ የእስላም መሳፍንት ይገዙ ነበር፤ ሹመትና ክብርም የሚወረሰው በዘር ነበር። ከአገልጋይ ቤት የተወለደ ሕፃን አንድ ቀን አገሩን ሁሉ ይመራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ለአቡበከር በሩን የከፈተላቸው ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ መኳንንት የእንግሊዞችን ትምህርት ቤት በጥርጣሬ ዐይን ይመለከቱት ስለ ነበር፣ የራሳቸውን ልጆች ትተው የአገልጋዮቻቸውን ልጆች ይልኩ እንደ ነበር ይነገራል። አቡበከር በባውቺ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በ1928 ካትሲና ወደሚገኘው ታዋቂ ኮሌጅ ገቡ። ይህ ኮሌጅ በሰሜኑ ክፍል መምህራንን የሚያሠለጥን ሲሆን፣ በኋላ በፖለቲካ የታወቁት የሰሜን ሰዎች ብዙዎቹ የወጡት ከእሱ ነው። የሶኮቶ መሳፍንት ዘር የሆኑት አህማዱ ቤሎም በዚያው ተምረዋል። አቡበከር በ1933 ትምህርታቸውን ፈጽመው በተማሩባት በባውቺ መምህር ሆኑ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሐውሳ ቋንቋ መምህር ማለት የሆነው ማላም የሚለው መጠሪያ ከስማቸው ጋር ተጣበቀ። ሚኒስትር ከሆኑም በኋላ ብዙዎች በዚሁ ስም ይጠሯቸው ነበር።

ወጣቱ መምህር ከማስተማር ጋር ብዕራቸውንም ያነሡ ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት በሐውሳ ቋንቋ የሚጻፍ ልብ ወለድ እንዲስፋፋ ውድድር ተደርጎ ስለ ነበር፣ ሻይሁ ኡማር የተባለውን አጭር ልብ ወለድ ጽፈው አሳተሙ። መጽሐፉ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ለባርነት ስለ ተሸጠ፣ በረሓውን ተሻግሮ ወደ ግብፅ ስለ ተወሰደና እዚያ በትምህርት አድጎ ሊቅ ስለ ሆነ ልጅ የሚተርክ ነው። እናቱ ልጇን ፍለጋ ስትንከራተት እሷ ራሷ በባርነት ትወድቃለች። ትዕግሥትና ትሕትና የመጽሐፉ ዋና ጭብጦች ናቸው። ይህ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ የሐውሳ ልብ ወለዶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ደራሲው ካለፉ በኋላም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል፤ በፊልምም ተሠርቷል።

ስለ መምህርነታቸው ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ከጓደኞቻቸው አንዱ የከፍተኛ መምህርነትን ፈተና ያለፈ የሰሜን ሰው እስከዚያ ቀን እንደሌለ አነሣባቸው። አቡበከር በዚህ ነገር አልተከራከሩም፤ ለፈተናው ተቀምጠው አለፉ። ከዚያም የባውቺ መካከለኛ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ። በ1945 ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተቋም ተልከው አንድ ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ ተመልሰው የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ያዩት ነገር አስተሳሰባቸውን ለወጠው። ሰው በገዥው ፊት ያለ ፍርሃት የሚናገርበትን፣ ሕግ ከባለሥልጣን በላይ የሚሆንበትን ሥርዓት አዩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደግሞ ተራው ሰው በኤሚሩ ፊት እንደ ተንበረከከ ነበር።

ከለንደን ከመሄዳቸውም በፊት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሰዓዱ ዙንጉርና አሚኑ ካኖ ከተባሉ ወጣት ምሁራን ጋር በባውቺ ተሰብስበው ስለ ሕዝባቸው ችግር ይወያዩ ነበር። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቍጡና ደፋር ስለ ነበሩ በኋላ የለውጥ ኃይሎችን ጎራ ተቀላቀሉ። አቡበከር ግን ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ነገርን መዝነው የሚያቀርቡ፣ ከመሰበር ይልቅ መጠገንን የሚመርጡ ሰው ነበሩ። የሕይወታቸው መልካም ዕድልም መከራም ከዚህ ጠባያቸው የመነጨ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1947 አዲስ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ሲውል ለሰሜኑ ምክር ቤት፣ ከዚያም ሌጎስ ለሚገኘው ማዕከላዊ የሕግ አውጭ ምክር ቤት ተመረጡ። ድምፃቸው ጥልቅና ለጆሮ የሚጥም፣ እንግሊዝኛቸውም የጠራ ስለ ነበር፣ በኋላ የአፍሪካ ወርቃማ ድምፅ የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። ይሁን እንጂ ታዋቂ ያደረጋቸው የድምፃቸው ውበት ብቻ አይደለም። በ1950 ካዱና በተደረገው የሰሜኑ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ የኤሚሮቹ ሥልጣን ልክና ወሰን የሌለው መሆኑን፣ ከሥራቸውም ያሉት ሹማምንት በጉቦ የተበከሉ መሆናቸውን ዘርዝረው በመናገር አስተዳደሩ በኮሚሽን ተመርምሮ እንዲሻሻል ጠየቁ። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ኤሚሮችና የእነሱ ሰዎች ነበሩ። የአገልጋይ ልጅ በጌቶቹ ፊት እንዲህ መናገሩ በሰሜኑ ታሪክ አዲስ ነገር ስለ ነበር፣ መሳፍንቱ ተቈጡ። የተማሩት ወጣቶች ግን ስማቸውን በየቦታው አነሡት።

አሁን ደግሞ ስለ አገራቸው አንድነት የነበራቸውን አመለካከት እንመልከት። አቡበከር መጀመሪያ ላይ ናይጄሪያ አንድ አገር መሆኗን አጥብቀው ይጠራጠሩ ነበር። በ1948 በሌጎስ ምክር ቤት ባሰሙት ንግግር፣ አንድነቱ የእንግሊዞች ምኞት እንጂ የሕዝቡ እንዳልሆነ ገልጸው ነበር። የሰሜኑ ሰዎች በዘመናዊ ትምህርት ከደቡቡ ወደ ኋላ ስለ ቀሩ፣ እንግሊዞች ቢሄዱ በደቡብ ሰዎች ሥልጣን ሥር እንወድቃለን ብለው ይሰጉ ነበር። በዚህ ምክንያት የደቡብ ፖለቲከኞች ነፃነት በቶሎ ይሰጠን ሲሉ፣ አቡበከርና ጓደኞቻቸው ይቆይ ይሉ ነበር። ይህም በደቡብ ክፍል ዘንድ የእንግሊዝ ወዳጅ የሚል ስም አስከተለባቸው።

ነገር ግን የተሳሳተ ሐሳብን መተው የብልህ ሰው ምልክት ነው። በ1955 የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነው የወንዝ ላይ መጓጓዣን ለማጥናት ወደ አሜሪካ ተጓዙ። እዚያም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ዘራቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሕዝቦች በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሲኖሩ አዩ። በእርግጥ ያ አገር ከጥቁሮች ጭቆና ገና አልጸዳም ነበር፤ ሆኖም የተለያዩ ሕዝቦች አንድ መንግሥት ሊመሠርቱ እንደሚችሉ ስለ አመኑ፣ የራሳቸውም አገር ይህን ልታደርግ ትችላለች የሚል ተስፋ በልባቸው አደረ። ከዚያ በኋላ የአንድነት ጠበቃ ሆኑ።

ወደ ከፍተኛው ሥልጣን እንዴት እንደ ደረሱ ለመረዳት የፓርቲያቸውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋችኋል። አቡበከር የሰሜን ሕዝቦች ኮንግረስ የተባለው ፓርቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዋናው መሪ ቀደም ብለን የጠቀስናቸውና የሶኮቶው ሰርዳውና በሚል የማዕርግ ስም የሚታወቁት አህማዱ ቤሎ ናቸው። አህማዱ ቤሎ የሰሜኑን ክልል መንግሥት ለመምራት ካዱና ተቀመጡ፤ ምክትላቸውን ወደ ሌጎስ ላኩ። በዚህም ምክንያት አቡበከር በሕግ የአገሪቱ የበላይ ሲሆኑ፣ በፓርቲያቸው ውስጥ ግን የሌላ ሰው ምክትል ነበሩ። ተቃዋሚዎቻቸው የሚተቹአቸው ከሁሉ በላይ በዚህ ነበር። አንድ መሪ እውነተኛው ሥልጣን በሌላ ሰው እጅ ነው ተብሎ ከታማ፣ ውሳኔው ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል።

አቡበከር በ1952 የሥራ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነው ካገለገሉ በኋላ በመስከረም 1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ። ነፃነት ገና አልተገኘም ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ሦስቱን ተፎካካሪ ፓርቲዎች በአንድ መንግሥት ውስጥ ማሰባሰብ ነበር። ወደ ነፃነት የሚወስደውን መንገድ ተከፋፍለን ልንጓዘው አንችልም ብለው ስላመኑ፣ የምሥራቁንና የምዕራቡን ክልል ፖለቲከኞች በሚኒስትርነት ሾሙ። በ1959 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ፓርቲያቸው ከ312 መቀመጫዎች 134ቱን አገኘ። ይህ ብቻውን መንግሥት ለማቋቋም ስለማይበቃ፣ ናምዲ አዚኪዌ ከሚመሩት የምሥራቅ ፓርቲ ጋር ተጣመሩ። የምዕራቡ መሪ ኦባፌሚ አዎሎዎ ደግሞ የተቃዋሚው ክፍል መሪ ሆኑ።

ጥቅምት 1 ቀን 1960 (መስከረም 21 ቀን 1953 ዓ.ም.) በሌጎስ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያለው የናይጄሪያ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። የነፃነቱን ሰነድ ከእንግሊዟ ልዕልት አሌክሳንድራ እጅ የተቀበሉት አቡበከር ነበሩ። ነጭ ረጅም ቀሚስና ጥምጥም የለበሱት ያ ቀጭን ሰው ባሰሙት ንግግር፣ በደስታ የሰከረውን ሕዝብ ከፊቱ ያለውን ኀላፊነት አስታወሱት። በሳምንቱ አገራቸው 99ኛ አባል ሆና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቀመጠች።

የነፃይቱ ናይጄሪያ የውጭ ጉዳይ አቋም እንደ መሪዋ ጠባይ የረጋ ነበር። ቢሆንም መርጋት ማለት መፍራት አይደለም። ፈረንሳይ በሰሃራ በረሓ የአቶም ቦምብ መሞከሯን ባላቋረጠች ጊዜ፣ በጥር 1961 ናይጄሪያ ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። በዚያው ዓመት በኮመንዌልዝ ጉባኤ ላይ የዘር መድልዎን ከተቃወሙት መሪዎች አንዱ አቡበከር ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካም ከማኅበሩ ወጣች። ሰላም ለማስከበር የናይጄሪያ ወታደሮች ወደ ኮንጎ ዘመቱ። ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን የመከላከያ ስምምነት የናይጄሪያ ተማሪዎች በሰልፍ በተቃወሙ ጊዜ፣ መንግሥታቸው መጀመሪያ ቢቆይም በ1962 መጀመሪያ ላይ ስምምነቱን ሰረዘ።

ከአገራችን ጋር የሚያገናኛቸውም ታሪክ አለ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የነፃዪቱ አፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ሲሰበሰቡ አቡበከር ከመካከላቸው ነበሩ። በዚያ ጉባኤ ሁለት ሐሳቦች ተፋጠጡ። የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ አፍሪካ ሳይውል ሳያድር በአንድ መንግሥት ሥር እንድትሆን ይሹ ነበር። አቡበከር ግን ትልቅም ሆነ ትንሽ አገር ሁሉ በእኩልነት እንዲታይ፣ አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ፣ አንድነቱም ከኢኮኖሚ፣ ከመገናኛና ከትምህርት ትብብር ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ መከሩ። ግንቦት 17 ቀን የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአመዛኙ ይህን የዝግታ መንገድ የተከተለ ነው። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደ ነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ለውጭው ዓለም አቡበከር የተከበሩ የሰላም ሰው ነበሩ። በቤታቸው ውስጥ ግን እሳት ተቀጣጥሎ ነበር። በግንቦት 1962 በኢባዳን የምዕራቡ ምክር ቤት አባላት ተከፋፍለው በአዳራሹ ውስጥ በወንበር ተደባደቡ። የአቡበከር መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ አውጆ የክልሉን አስተዳደር ለስድስት ወር በእጁ አደረገ። በ1963 የተቃዋሚው መሪ አዎሎዎ መንግሥትን ለመገልበጥ አሢረዋል ተብለው የዐሥር ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የሕዝብ ቆጠራውም ውጤት፣ የመቀመጫ ቁጥር የሚደለደለው በሕዝብ ብዛት በመሆኑ፣ ብርቱ ጠብ አስነሣ። እያንዳንዱ ክልል ሌላው ቁጥሩን ያበዛል እያለ ይካሰስ ጀመር።

በ1964 መጨረሻ የተደረገው ምርጫ ቁስሉን አባባሰው። ማጭበርበርና ማስፈራራት ስለ በዛ ተቃዋሚዎቹ ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ፤ በምሥራቁ ክልል ድምፅ መስጠት አልተቻለም። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት አዚኪዌ አቡበከርን መንግሥት እንዲያቋቁሙ ለመጥራት አመነቱ። ለጥቂት ቀናት አገሪቱ በገደል አፋፍ ላይ ቆመች። በመጨረሻ በሽምግልና ስምምነት ተደርሶ አቡበከር ሥልጣናቸውን ቀጠሉ። ስምምነቱ ግን ቁስሉን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም።

በጥቅምት 1965 በምዕራቡ ክልል የተደረገው ምርጫ ደግሞ ይባስ ግልጽ የሆነ ማጭበርበር የታየበት ነበር። አሸናፊ ነኝ ያለው የአቡበከር ፓርቲ አጋር ነበር። ሕዝቡ ተነሣ፤ ቤቶችና ሰዎች በቤንዚን ተቃጠሉ። ብዙዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ1962 እንዳደረጉት የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ እንዲያውጁ ለመኗቸው። እሳቸው ግን አላወጁም። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በተቃዋሚው ላይ ፈጥኖ የተመዘዘው የሕግ ሰይፍ በወዳጅ ላይ ከሰገባው አልወጣም ነበር። ሚዛናቸውን ያመሰግን የነበረ ሕዝብ ሚዛኑ እንዳጋደለ አየ። ለራሳቸው ጉቦ ያልነኩት ሰው፣ በዙሪያቸው የነበሩት ባለሥልጣናት በሕዝብ ገንዘብ ሲከብሩ አላስቆሟቸውም።

በጥር 1966 መጀመሪያ አቡበከር የኮመንዌልዝ መሪዎችን በሌጎስ አስተናገዱ። ጉባኤው የተጠራው ጥቂት ነጮች በሮዴዚያ በሕገ ወጥ መንገድ ነፃነት ስላወጁበት ጉዳይ ለመምከር ሲሆን፣ ከእንግሊዝ አገር ውጭ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ለሌላ አገር ሕዝብ ፍትሕ ሲመክሩ፣ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ የራሳቸው አገር ሕዝብ ይነድ ነበር። እንግዶቹ ከተሸኙ ጥቂት ቀናት እንኳ አላለፉም፤ ጥር 15 ቀን ከንጋት በፊት ሻለቆችና ሌሎች ወጣት መኮንኖች በመሩት መፈንቅለ መንግሥት ወታደሮች ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ገብተው ይዘዋቸው ሄዱ። በዚያው ሌሊት በካዱና አህማዱ ቤሎ፣ በኢባዳን የምዕራቡ ክልል መሪ ሳሙኤል አኪንቶላ ተገደሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩና ከፍተኛ የጦር መኮንኖችም ሞቱ። የአቡበከር አስከሬን ከቀናት በኋላ ከሌጎስ ወደ አቤኦኩታ በሚወስደው መንገድ ዳር ተገኘ። እንዴት እንደ ሞቱ የሚነገረው ነገር የተለያየ ነው። ወደ ትውልድ ግዛታቸው ተወስደው በባውቺ ተቀበሩ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደቡብ ከተሞች መንግሥቱ በመውደቁ ደስታ ታየ። ነገር ግን ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። ከአሢሪዎቹ ብዙዎቹ የኢግቦ ተወላጆች፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሰሜንና የምዕራብ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ በሰሜን ቂም ተቋጠረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሁለተኛ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ በሰሜን ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢግቦዎች ተጨፈጨፉ። ከ1967 እስከ 1970 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነትም እጅግ ብዙ ሕዝብ በጥይትና በረኃብ ፈጀ። በ1968 ተፋላሚዎቹን ለማስታረቅ ከተደረጉት ስብሰባዎች አንዱ የተካሄደው አቡበከር ከአምስት ዓመት በፊት ስለ አፍሪካ አንድነት በተናገሩባት በአዲስ አበባ ነበር።

ከደም መፋሰሱ በኋላ ሕዝቡ ወደ ኋላ ዞሮ ያን ዝምተኛ መምህር በሌላ ዐይን ተመለከተው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ገዥዎች በሥልጣን ሲከብሩ ያየ ትውልድ፣ አቡበከር ለራሳቸው ሀብት ሳያከማቹ ማለፋቸውን ማስታወስ ጀመረ። የነፃነቱ ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለበት ሜዳ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በባውቺ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን ይዟል፤ መቃብራቸውም የታሪክ ሐውልት ሆኖ ተጠብቋል። ምስላቸው በአምስት ናይራ ገንዘብ ላይ ታትሟል። በሕይወት ሳሉ ደካማ ያሏቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ ቅን ይሏቸዋል።

ታዲያ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አቡበከር ከዝቅተኛ ቤት ተነሥተው በትምህርትና በትጋት ከፍ ያሉ፣ በመሳፍንት ፊት እውነትን የተናገሩ፣ ሐሳባቸው ስሕተት ሲሆን ለማረም ያላፈሩ ሰው ነበሩ። ይህ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ንጹሕ እጅ ብቻውን መንግሥትን አያጸዳም። ባለሥልጣን ራሱ አለመስረቁ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሌባውን ማስቆም ነው። ታጋሽነትም ጊዜውን ሲያልፍ በደልን እንደ መፍቀድ ይቆጠራል። በአንጻሩ ደግሞ ትዕግሥት ያነሳቸው ወታደሮች በአንድ ሌሊት እናስተካክለዋለን ያሉት አገር በምን ዓይነት መከራ እንደ ወደቀ አይታችኋል። በመምህሩ ዝግታና በወታደሮቹ ችኮላ መካከል ትክክለኛው መንገድ የት እንደ ነበር መፈለግ፣ ታሪክን የሚያነብ ሰው ሁሉ ድርሻ ነው።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. የአቡበከር የትውልድ ሁኔታ በሰሜን ናይጄሪያ ወደ ሥልጣን ለመድረስ እንቅፋት ሊሆን ይችል የነበረው ለምንድን ነው?
2. በ1950 በካዱና ያደረጉት ንግግር መሳፍንቱን ያስቈጣው በምን ምክንያት ነው?
3. ስለ ናይጄሪያ አንድነት የነበራቸው ሐሳብ እንዴትና ለምን ተለወጠ?
4. በ1962 እና በ1965 በምዕራቡ ክልል ለተነሡት ሁከቶች የሰጡት ምላሽ በምን ይለያያል?
5. ከሞቱ በኋላ በሕዝብ ዘንድ የነበራቸው ግምት የተለወጠው ለምን ይመስላችኋል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አኳኋን ፍቷቸው፤ በየራሳችሁም ዐረፍተ ነገር አስገቧቸው።
1. ተፋጠጡ
2. በገደል አፋፍ ላይ ቆመች
3. ሚዛኑ አጋደለ
4. ቂም ተቋጠረ
5. ሳይውል ሳያድር

ሐ. በምንባቡ ውስጥ ስለ አቡበከር ሲነገር ግሡ በአክብሮት አነጋገር ቀርቧል። ስለ ልጅነታቸው የሚናገረውን አንቀጽ ወደ ተራ የነጠላ አነጋገር ለውጣችሁ ጻፉ። ለውጡ በአንባቢው ስሜት ላይ የሚያመጣውን ልዩነት በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።

መ. የመሪ ቅንነትና የመሪ ቆራጥነት በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሐሳባችሁን አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው ከምንባቡ ማስረጃ አቅርቡ፤ በሦስተኛው የራሳችሁን ፍርድ ስጡ።